ለቁንጫ ስም ያወጣው ባለባንክ

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳና በአጎራባቹ ፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሰው የሚጨርስ አንድ ትኩሳት ገብቶ ነበር። የታመመው ሰው ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቀውም። በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። ለወባ የሚሰጠው ሁሉ ተሰጠ፣ ሰው ግን መሞቱን አላቆመም። ካላዛር መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ የካላዛር ሕክምና ተከፍቶ ብዙ ሺህ ነፍስ ተረፈ። አስተላላፊውም የወባ ትንኝ ሳይሆን የአሸዋ ዝንብ ስለሆነ የመከላከሉ ሥራ መንገዱን ቀየረ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ካላዛር ለመጻፍ አይደለም። አንድ በሽታ ወይም አንድ ነፍሳት ትክክለኛ ስሙን እስኪያገኝ ድረስ ስንት ሰው እንደሚሞት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው። የዛሬው ጽሑፌ ዕድሜውን ሙሉ ለቁንጫ ስም ሲያወጣ ስለኖረ ሰው ነው። የታክሶኖሚ ተግባራዊ ትምህርት ላይ የነፍሳት ጠጉር እየቆጠርን ለምን ይጠቅማል ብለን ለምንጠይቅ (ያልጠየቀ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ) የዚህ ሰው ታሪክ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ሰውየው ናትናኤል ቻርልስ ሮትስቻይልድ ይባላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1877 ለንደን ተወለደ። ሮትስቻይልድ የሚለውን ስም በባንክ የማያውቀው የለም። አያቶቹ ለመንግሥታት ገንዘብ ያበድሩ ነበር፤ አባቱም በእንግሊዝ የይሁዲነት እምነቱን ሳይተው የሎርድነት ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ዋልተር በታሪክ ትምህርት የምናውቀው ነው፤ የ1917ቱ የባልፎር ደብዳቤ የተጻፈው ለእሱ ነው። ዋልተር ግን ልቡ ከፖለቲካም ከባንክም ጋር አልነበረም። ትሪንግ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ የእንስሳት ሙዚየም አቋቁሞ ነበር፣ ለንደን መሐል በሜዳ አህያ በሚጎተት ሠረገላ ይሄድም ነበር። እንዲህ ዓይነት ወንድም ያለው ልጅ የሚደርስበት ይታወቃል። ታላቁ ለባንኩ ሥራ አልሆን ሲል ሸክሙ በታናሹ በቻርልስ ላይ ወደቀ።

ልጅነቱ በሀብት የተከበበ ይሁን እንጂ ደስታ የበዛበት አልነበረም። ሃሮው በሚባለው ዝነኛ አዳሪ ትምህርት ቤት ይሁዲ በመሆኑ ብዙ ስቃይ አይቷል። መጽናኛው ቢራቢሮ ማሳደድ ነበር። ካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ከወጣ በኋላ አባቱ ወደ ባንኩ አስገባው፤ እሱም እምቢ አላለም። ቀን ቀን ባንክ ይሠራል፣ ማታ ማታና በዕረፍት ቀኑ ማይክሮስኮፕ ላይ ይደፋል። እስከ ሕይወቱ መጨረሻ የኖረው እንዲህ ነው። ዛሬ ፕሮፌሽናል የምንለው ዓይነት ሳይንቲስት ሆኖ አያውቅም፤ ደመወዝም ማዕረግም አልነበረውም። ገንዘብ ያለው ሰው ጨዋታ ነው ብለው የሳቁበት አልጠፉም፤ ገንዘቡ ባይኖረውማ ይህን ሁሉ ባልሠራ ነበር፣ እሱን መካድ አይቻልም። ቢራቢሮ የሚሰበስብ ባለጸጋ ግን ሞልቷል። ቁንጫ የሚሰበስብ የት አለ?

እ.ኤ.አ. በ1901 ቻርልስ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሱዳን ተጓዘ። ጊዜው እንግሊዞች ኦምዱርማን ላይ ድል ካደረጉ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ለሳይንስ ተጓዡ መንገዱን የከፈተለት መድፍ ነበር ማለት ነው። የሰፈሩት ሸንዲ በምትባል ከካርቱም በስተሰሜን፣ ናይል ዳር ባለች ከተማ ነው። ለእኛ ሸንዲ ሩቅ ትመስላለች እንጂ ውኃችን ያውቃታል። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ፣ ጣና ዓባይን ያወጣል፣ ዓባይም ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ተቀላቅሎ በሸንዲ በኩል ያልፋል። ቻርልስ እዚያ ወፍም ቢራቢሮም ሰብስቧል። ሌሎች ተጓዦች አይጥ ሲይዙ ቆዳውን ገፈው ገላውን ይጥላሉ፤ እሱ ግን መጀመሪያ አይጡን ያራግፍና የሚወርደውን ቁንጫ አልኮል ውስጥ ይከት ነበር።

ከዚያ ከወረደው ውስጥ አንዱ ከዚህ በፊት ያልተገለጸ ዝርያ ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1903 መግለጫውን አሳተመና ታላቁን ፒራሚድ ባሠራው የግብፅ ፈርዖን በኬኦፕስ ስም ፑሌክስ ኬኦፒስ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ዜኖፕሲላ ኬኦፒስ የምንለው የአይጥ ቁንጫ ይህ ነው። መግለጫው ደረቅ ነው፦ ስለ ጠጉር፣ ስለ እግር አንጓ፣ ስለ ወሲብ አካል ቅርጽ። ይህ ነፍሳት በዚያው ሰዓት ሕንድ ውስጥ በየሳምንቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው እየገደለ መሆኑን ያወቀ አልነበረም፤ ሰያሚው ራሱም ቢሆን።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቸነፈር፣ በሕክምናው አጠራር ፕሌግ፣ ዛሬ የርሲኒያ ፔስቲስ በሚባል ባክቴሪያ እንደሚመጣ እናውቃለን። ባክቴሪያውን አሌክሳንደር የርሲን ሆንግ ኮንግ ላይ ያገኘው በ1894 ነው። በ1896 በሽታው ቦምቤይ ገባ፤ በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በሕንድ ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ጨረሰ። ብብትና ብሽሽት ላይ ንፍፊት ያወጣል፣ በጥቂት ቀናትም ይገድላል። እንዴት እንደሚተላለፍ ግን ክርክር ነበር። ከአፈር ነው የሚል አለ፣ ከምግብ ነው የሚል አለ፣ ቁስል ባለው እግር ይገባል የሚልም አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞን በ1898 ካራቺ ውስጥ አንድ ሙከራ አደረገ። ቁንጫ ያለበትን የታመመ አይጥ ከጠርሙስ ውስጥ ከተተ፣ ጤነኛውን አይጥ ደግሞ በሽቦ ወንፊት ለይቶ ከላይ አኖረ። አይጦቹ አልተነካኩም፤ ቁንጫ ግን በወንፊቱ ያልፋል። በሽተኛው አይጥ ሞተ፤ ቀናት ቆይቶ ጤነኛውም በዚያው በሽታ ሞተ።

ዛሬ ሲሞንን መጻሕፍት ያወድሱታል። ያኔ ግን አላመኑትም። ከተቃውሞዎቹ አንዱ ተራ ቅናት አልነበረም፣ ሳይንሳዊ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከአገራቸው አይጥ ላይ ቁንጫ ወስደው እጃቸው ላይ አስቀመጡ፤ ቁንጫው አልነክስ አለ። የአይጥ ቁንጫ ሰው ካልነከሰ ደግሞ የሲሞን ሐሳብ ውድቅ ነው። ሙከራቸው ሐሰት አልነበረም። የነሱ ቁንጫና የሕንዱ ቁንጫ አንድ አለመሆኑን ግን አላወቁም። የአይጥ ቁንጫ ብሎ በጅምላ መጥራት ብዙ ዓመት አቃጠለ፤ በዚያ ዓመት ውስጥ የሞተውን ሰው አንባቢ ያስበው።

ክርክሩን ያስቆመው ቦምቤይ የነበረው ሐኪም ግሌን ሊስተን ነው። ሊስተን አይጥ ካለቀባቸው ሕንፃዎች ነዋሪዎች ላይ ቁንጫ ሲለቅም ግማሽ ያህሉ የሰው ሳይሆን የአይጥ ቁንጫ ሆኖ አገኘው። የቦምቤይ አይጥ ዋና ቁንጫም ቻርልስ ከሸንዲ አምጥቶ ስም ያወጣለት ኬኦፒስ መሆኑ ታወቀ። ኬኦፒስ አይጥ ሲያጣ ሰው ለመንከስ አያመነታም። ከ1905 ጀምሮ የሠራው የሕንድ የቸነፈር ኮሚሽን የሙከራ እንስሳትን ወለል ላይና ከወለል ከፍ አድርጎ እየሰቀለ፣ ቁንጫ እያስገባና እየከለከለ ነገሩን አረጋገጠ። ቁንጫ የማይደርስበት እንስሳ አልታመመም። ሲሞን ትክክል ነበር።

ቻርልስ በዚህ ጊዜ ከትሪንጉ ጀርመናዊ ሊቅ ከካርል ዮርዳን ጋር በ1908 አንድ ትልቅ ጥናት አሳተመ። ጥናቱ የሚመለከተው ማበጠሪያ የሌላቸውን ቁንጫዎች ነው። የብዙ ቁንጫ ጉንጭና ጀርባ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ወፍራም እሾህ አለ፤ የውሻና የድመት ቁንጫን ያየ ያውቀዋል። የሰው ቁንጫ ፑሌክስ ኢሪታንስና ኬኦፒስ ግን ሁለቱም ይህ የላቸውም፣ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። የሚለዩት በመካከለኛው ደረት ጎን ላይ ነው፤ ኬኦፒስ እዚያ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደች ቀጭን ዘንግ አለችው፣ የሰው ቁንጫ የለውም። ዓይን አካባቢ ያለችው ጠጉርም ቦታዋ ይለያያል። ይኸው ነው። አንዱ ባብዛኛው እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሌላው ከተማ የሚያጠፋ፣ ልዩነታቸው አንዲት ዘንግ!

በ1911 ደግሞ ቻርልስ ኬኦፒስን እጅግ የሚመስል ሌላ የእስያ ዝርያ ለይቶ ዜኖፕሲላ አስቲያ ብሎ ሰየመው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ደስ ይለኛል። በሕንድ ቸነፈሩ ሰሜኑንና ምዕራቡን ሲያወድም ማድራስ የረባ ጉዳት አልደረሰባትም። አይጥ ሞልቷታል፣ ቁንጫ ሞልቷታል፣ ወደብም ናት። ሕዝቡ ዕድል ነው ይላል፣ ሐኪሙ አየር ንብረት ነው ይላል። ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሂርስት የአይጦቹን ቁንጫ አንድ በአንድ ሲለይ በእነዚህ ከተሞች የበዛው አስቲያ ሆኖ ተገኘ። አስቲያ ባክቴሪያውን እንደ ኬኦፒስ በደንብ አያስተላልፍም። ቻርልስ ሁለቱን ባይለያቸው ኖሮ ይህ ጥያቄ ራሱ ሊነሳ አይችልም ነበር።

ኬኦፒስን ይህን ያህል አደገኛ ያደረገው ምንድን ነው? መልሱ የመጣው በ1914 ከባኮትና ከማርቲን ነው። ቁንጫው የታመመ አይጥ ደም ሲመጥ ባክቴሪያው ሆዱ መግቢያ ላይ ባለች እሾሃማ በር ላይ ይራባና እንደ ቡሽ ይደፍናታል። ቁንጫው ይጠጣል፣ ደሙ ግን ሆዱ አይገባም። ስለሚርበው ደጋግሞ ይነክሳል፤ በነከሰ ቁጥር የመጠጠው ደም ባክቴሪያ ይዞ ተመልሶ ቁስሉ ውስጥ ይገባል። እየተራበ ያለ ቁንጫ ነው የሚገድለው። ባኮት በኋላ በ1922 ካይሮ ውስጥ ታይፈስን ሲያጠና በዚያው በታይፈስ ሞተ፤ የዚህ ዘርፍ ሰዎች ሥራቸውን በደህና አልሠሩትም።

ለአገራችን የሚቀርበው ስጋት በአሁኑ ጊዜ ቸነፈር ላይሆን ይችላል። ይሁንና ከደቡብ ጎረቤቶቻችን ጀምሮ እስከ ማዳጋስካር በሽታው አልጠፋም፤ ማዳጋስካር በ2017 ብቻ ከ2,000 በላይ ታማሚ አስመዝግባለች። ያው ኬኦፒስ ሌላም በሽታ ያስተላልፋል። በሪኬትሲያ ታይፊ የሚመጣው የአይጥ ታይፈስ የሚተላለፈው በንክሻው ሳይሆን በኩሱ ነው፤ የተነከሰ ሰው ሲያክ ኩሱ በቁስሉ ይገባል። ትኩሳትና ራስ ምታት ስለሆነ በቀላሉ ከወባ ወይም ከታይፎይድ ጋር ይምታታል። የሊቦ ከምከምን ነገር እዚህ ላይ አንባቢ ያስታውስ።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለውን የገጠር ቤት እንመልከት። እህሉ ጎታ ውስጥ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ድንችም እንዲሁ። ክዳኑ ሣር ከሆነ አይጥ ከላይ ይገባል፣ መደቡ አፈር ከሆነ ከታች ይቆፍራል። ቁንጫ ዕድሜውን በሙሉ ገላ ላይ አያሳልፍም። እንቁላሉ ጎሬው ውስጥና ወለሉ ላይ ይራገፋል፤ እጩ እግር የሌላት ነጭ ትል ነገር ናት፣ የምትበላውም ትልልቆቹ የጣሉትን የደረቀ ደም ያለበት ኩስ ነው። ከዚያ አቧራ የለበሰ ሐር ሠርታ ፑፓ ትሆናለች፣ እርምጃና ሙቀት እስክትሰማ ድረስም ቆልፋ ትቀመጣለች። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ እንደ ዝናብ የሚወርደው ለዚህ ነው። እጯን የሚገድላት ድርቀት ነው። እናቶቻችን ወለሉን በእበት ለቅልቀው አድርቀው፣ ጥርጊያውን አውጥተው፣ ቤቱን በጥንጁት ሲያጥኑ የሚያደርጉት ከዚህ ባዮሎጂ ጋር የማይገናኝ አይደለም፤ መጥረጉና ማድረቁ በተለይ።

ችግሩ መርዙ ላይ ነው። ገበያ ላይ የአይጥ መርዝ በየቦታው ይሸጣል፣ ገበሬውም እውነቱን ነው፣ እህሉን እያየ አይተወውም። ነገር ግን አይጡ ሲሞት ገላው ይቀዘቅዛል፣ ቁንጫው ደግሞ የቀዘቀዘ ገላ ላይ አይቆይም። ወጥቶ ሌላ ሙቀት ይፈልጋል፤ በአቅራቢያው ያለው ሙቀት መደቡ ላይ የተኛው ሕፃን ነው። በሽታ ያለበት አካባቢ ከሆነ አይጥን ብቻ መግደል በሽታውን ከአይጥ ወደ ሰው መንዳት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቁንጫ መጀመሪያ፣ አይጥ ቀጥሎ ነው። ቁንጫውን ለመግደል ደግሞ ቤት ውስጥ ፍሊት መንፋት ብዙም አይረባም፤ ዱቄት መድኃኒት ጎሬው አፍና አይጡ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ሲነሰነስ አይጡ ራሱ በእግሩና በጠጉሩ ይዞት ወደ ጎጆው ይገባል። የትኛው ዱቄት ይሠራል የሚለውም ያለ ምርመራ አይመለስም፣ ቁንጫ መድኃኒት ይለምዳልና። ለዚህ ሁሉ ግን የትኛው ቁንጫ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ተመልሰን ቻርልስ ጋ እንመጣለን።

ቻርልስ በ1907 ሮዢካ ፎን ቬርትሃይምሽታይን የምትባል የሃንጋሪ ተወላጅ አገባ። እሷ በቴኒስ ጨዋታ የታወቀች ነበረች። አራት ልጆች ወለዱ። ከቁንጫ ውጭም አንድ ትልቅ ሥራ አለው፦ ነፍሳትን ለመጠበቅ መኖሪያቸውን መጠበቅ ያስፈልጋል ብሎ በራሱ ገንዘብ ረግረግ መሬት እየገዛ ጥብቅ ቦታ ያደርግ ነበር። በ1912 የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎችን የሚያስፋፋ ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩም በመላ አገሪቱ ሊጠበቁ የሚገባቸውን ከሁለት መቶ በላይ ቦታዎች ዘርዝሮ ለመንግሥት አቀረበ። መንግሥት በጊዜው ጆሮ አልሰጠም። የዛሬዎቹ የእንግሊዝ የዱር ሕይወት ማኅበራት ግን መነሻቸው ያ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጤናው ታወከ፣ አእምሮንም የሚነካ ሕመም ያዘው፣ ለረጅም ጊዜ ስዊዘርላንድ ቆይቶ ታከመ። አልዳነም። ኦክቶበር 12 ቀን 1923 በ46 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ስለ ነፍሳት በሚጽፉ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ በአንድ ሐረግ ይታለፋል ወይም ይዘለላል፤ መዘለሉ ለሰውየው ክብር የሚጨምርለት አይመስለኝም።

ሲሞት ከዮርዳን ጋር የገለጻቸው አዳዲስ የቁንጫ ዝርያዎች 500 ያህል ደርሰው ነበር። ስብስቡን ለብሪታንያ ሙዚየም ሰጥቷል። አባቷ ሲሞት የ15 ዓመት ልጅ የነበረችው ትልቋ ልጁ ሚርያም መደበኛ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሳትይዝ የቁንጫ ሊቅ ሆነች። ከሆፕኪንስ ጋር የአባቷን ስብስብ ዝርዝር ከ1953 ጀምሮ በተከታታይ ጥራዞች አሳተመች፤ ቁንጫ እንዴት እንደሚዘልም ካጠኑት አንዷ ናት። በ96 ዓመቷ ያረፈችው በጃንዋሪ 2005 ነው።

ስብስቡ ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲሆን ዛሬ ወደ 260,000 ቁንጫ ይዟል። አብዛኛው ቁንጫ ደሙና ሥጋው በፖታሽ ወጥቶ፣ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ፣ መስታወት ላይ የተለጠፈ ነው። ሸንዲ ላይ ከአይጥ የተራገፉትም እዚያው አሉ። የደረታቸውን ጎን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ዘንጓን ያገኛታል።